ሙቀት ሙቀትን ሲጠራ

በትምህርት ቤት የሰልፍ ሜዳም ሆነ በሠርግ ድንኳን፣ ማይክሮፎን የያዘ ሰው ወደ ድምፅ ማጉያው ጠጋ ሲል ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ድንገት ሲነሣ ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። የጮኸ ሰው የለም። ማይክሮፎኑ ከማጉያው የወጣውን ጥቂት ድምፅ ይለቅማል፤ ማጉያው ያንኑ አጉልቶ መልሶ ያወጣዋል፤ ማይክሮፎኑም የጎላውን ዳግመኛ ይለቅማል። ዑደቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስ ሹክሹክታ የነበረው ጩኸት ይሆናል። ውጤት ተመልሶ በገዛ መንስዔው ላይ የሚሠራበት ይህ ሂደት በፊዚክስና በምህንድስና ግብረ መልስ ይባላል።

ግብረ መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ማይክሮፎኑ የመጣውን ለውጥ የሚያጎላ ነው። ሌላው የመጣውን ለውጥ የሚገታ ነው፤ የኤሌክትሪክ ካውያ ከተወሰነለት መጠን በላይ ሲግል በውስጡ ያለው ቴርሞስታት ኃይሉን ይቆርጣል፣ ሲበርድም መልሶ ይለቀዋል። የመማሪያ መጻሕፍት የመጀመሪያውን አዎንታዊ፣ ሁለተኛውን አሉታዊ ይሏቸዋል። በክፍል ውስጥ እንደምንታዘበው ግን ብዙ ተማሪዎች «አዎንታዊ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ መልካም ነገር ይመስላቸዋል። በአየር ንብረት ጥናት የሚያሳስቡን በአብዛኛው አዎንታዊ የተባሉት ስለሆኑ በዚህ ጽሑፍ አጉሊና ገቺ የሚሉትን ቃላት መርጠናል። ዓመታቱም «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በስተቀር እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ምድር መሞቅ በሚነገረው ሁሉ ሁለት ተቃራኒ አባባሎች ደጋግመው ያጋጥሙናል። የመጀመሪያው «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየሩ ከአሥር ሺህ አራት እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ዋናው ሙቀት አማቂ የውሃ ተን ነው፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ሁካታ ለምንድን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ግብረ መልሶቹ አንዴ ከተነሡ ማቆሚያ የላቸውም፤ ምድር እንደ ቬኑስ ትነዳለች» ይላል። ሁለቱም ጥቂት እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ግብረ መልስ የሚያደርገውንና የማያደርገውን አልለዩም። ልዩነቱን ለማየት ጥቂት ስሌት ያስፈልገናል፤ ከሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የሚያልፍ አይደለም።

ያለ ግብረ መልስ ስንት?

ምድር ከፀሐይ ተቀብላ የምታስቀረው ኃይል በመላው ገጿና በዓመቱ ሁሉ ሲካፈል በካሬ ሜትር 240 ዋት ያህል ነው። የሙቀት መጠኗ ሳይለወጥ እንዲቆይ ይህንኑ ያህል ኃይል ኢንፍራሬድ በሚባለው፣ ዐይን በማያየው ጨረር ወደ ሕዋ መመለስ አለባት። የስቴፋንና የቦልትዝማን ሕግ እንደሚያስረዳው አንድ አካል የሚረጨው ጨረር ከፍጹማዊ ሙቀቱ አራተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። በዚህ ሕግ መሠረት በካሬ ሜትር 240 ዋት የሚረጭ አካል ሙቀቱ 255 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። የምድር ገጽ አማካይ ሙቀት ግን ወደ 15 ዲግሪ ይጠጋል። የ33 ዲግሪውን ልዩነት ሙቀት አማቂ ጋዞችና ደመናዎች እንደ ጋቢ ሆነው ያቆዩልናል።

አሁን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በእጥፍ አደገ እንበል። ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 280 ያህሉ የዚህ ጋዝ ነበሩ፤ ዛሬ ከ420 አልፈዋል፤ እጥፉ 560 ነው። እጥፍ መሆኑ ወደ ሕዋ ከሚወጣው ጨረር በካሬ ሜትር 4 ዋት ገደማ ያስቀራል። ምድር ሚዛኗን ለመመለስ መሞቅ ይኖርባታል። በምን ያህል? አራተኛውን ርቢ ያስታወሰ ተማሪ በደብተሩ ጠርዝ ላይ ሊያሰላው ይችላል፦ 240ን በ4 አባዝቶ ለ255 ሲያካፍል፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት በካሬ ሜትር 3.8 ዋት ገደማ ተጨማሪ ጨረር እንደሚወጣ ያገኛል። ስለዚህ 4 ዋቱን ለማካካስ 1 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። በየከፍታው ያለውን የአየር ሙቀት ልዩነት ያካተተ ጥንቁቅ ስሌት 1.2 ዲግሪ ያህል ይሰጣል።

ልብ ይበሉ፤ ይህ የጨረር መጨመር ራሱ ገቺ ግብረ መልስ ነው። የሞቀ ነገር አብዝቶ ይረጫል፤ አብዝቶ የሚረጭም ከመሞቅ ይገታል። የፕላንክ ምላሽ የሚባለው ይህ ነው፤ ምድር ካሏት ፈጣን ገቺዎች ሁሉ ብርቱው እርሱ ነው። በ1.2 ዲግሪ ላይ የሚከራከር የፊዚክስ ባለሙያ እምብዛም የለም። ጉዳዩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምድር ባዶ ድንጋይ አይደለችምና። ውሃ አላት፣ በረዶ አላት፣ ደመና አላት፣ ዕፀዋት አሏት፤ እነዚህም ሙቀቱ ሲመጣ ዝም ብለው አይቀመጡም።

ሎሌው ከጌታው ሲበረታ

ስዊድናዊው ሳይንቲስት ስቫንቴ አሬኒየስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢጨምር ምድር በ5 ወይም በ6 ዲግሪ እንደምትሞቅ በ1896 አሳተመ። ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን በእጁ የሠራው አድካሚ ስሌት ነበር። ቁጥሩ ከዛሬው ግምት ከፍ ይላል። ሆኖም አሬኒየስ አንድ ታላቅ ነገር አስቀድሞ ተረድቷል፤ አየሩ ሲሞቅ በውስጡ ያለው የውሃ ተን ይጨምራል፤ የውሃ ተንም ራሱ ሙቀት አማቂ ነው።

በኅዳር ማለዳ አዲስ አበባ ላይ ትንፋሻችን እንደ ጢስ የሚታየን፣ ከአፋችን የወጣው ተን ከቀዝቃዛው አየር ሲገናኝ ወደ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ስለሚለወጥ ነው። ቀዝቃዛ አየር ብዙ ተን መያዝ አይችልም፤ ሞቃት አየር ይችላል። ልኩም ይታወቃል፤ በአንድ ዲግሪ ሙቀት 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። (አየር ውሃ «ይይዛል» ማለታችን ለማስረዳት ያህል ነው፤ ነገሩ በመትነንና መልሶ ጠብታ በመሆን መካከል ያለ ሚዛን እንጂ አየር ስፖንጅ አይደለም።) እንግዲህ ዑደቱ ግልጽ ነው፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሩን በጥቂቱ ያሞቃል፤ የሞቀው አየር ተን ይጨምራል፤ ተኑ መልሶ አየሩን ያሞቃል።

«ዋናው የውሃ ተን ነው» የሚሉ ሰዎች እውነታቸው እዚህ ላይ ነው። ከከባቢ አየሩ ሙቀት የማመቅ ሥራ ግማሽ ያህሉን የሚሠራው የውሃ ተን ነው፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድርሻ ከአምስት አንድ ገደማ ነው። ነገር ግን የውሃ ተን በራሱ ፈቃድ አይመጣም፣ በራሱ ፈቃድም አይቆይም። ከባሕር የተነሣ አንድ የውሃ ሞለኪውል በአየር ውስጥ በአማካይ ዘጠኝ ወይም አሥር ቀን ቆይቶ በዝናብ ይመለሳል። ዛሬ ብዙ ተን ወደ ሰማይ ብንረጭ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል፤ የሙቀቱ መጠን የሚፈቅድለት ብቻ ይቀራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን በምድር ሙቀት ዝናብ አይሆንም፤ የተለቀቀው ከፊሉ ለብዙ መቶ ዓመታት፣ ጥቂቱም ለሺህ ዓመታት ይቆያል። የውሃ ተን ሎሌ ነው፤ ጉልበቱ ግን ከጌታው ይበልጣል። በ2010 የታተመ አንድ የናሳ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን በኮምፒውተር ሞዴል አሳይቷል። ካርቦን ዳይኦክሳይድንና እንደ እርሱ በዝናብ የማይወርዱትን ሌሎች ሙቀት አማቂ ጋዞች ከሞዴሉ አየር ሲያወጧቸው፣ የውሃ ተኑ ተከትሏቸው ወረደ፤ በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥም የሞዴሏ ምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች እጅግ አሽቆለቆለ።

የዚህን ግብረ መልስ ልክ በዘመናዊ ስሌት ካሳዩት መካከል ቀዳሚዎቹ ስዩኩሮ ማናቤና ሪቻርድ ዌዘራልድ ናቸው። በ1967 ባሳተሙት ጥናት የውሃ ተኑ መጠን እንዳይለወጥ ሲያደርጉ እጥፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1.3 ዲግሪ ገደማ አሞቀ፤ ተኑ ከሙቀቱ ጋር እንዲጨምር ሲፈቅዱለት ግን ወደ 2.3 ዲግሪ ከፍ አለ። ማናቤ በ2021 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሲሆን፣ ከተጠቀሱለት ሥራዎች መካከል ይኸው የ1960ዎቹ ጥናት ይገኝበታል።

ስሌት ግን ስሌት ነው፤ ፊዚክስ ሙከራ ይጠይቃል። ሁለተኛ ምድር ስለሌለችን ሙከራውን ተፈጥሮ ራሷ እስክታደርግልን መጠበቅ ነበረብን፤ አደረገችውም። በሰኔ 1991 በፊሊፒንስ የሚገኘው የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በሚሊዮን ቶን የሚቆጠር የሰልፈር ጋዝ ወደ ላይኛው ከባቢ አየር ወረወረ። ጋዙ የፀሐይ ብርሃን የሚመልስ ስስ ጉም ሆኖ ምድርን ጋረደ፤ በቀጣዩ ዓመት የዓለም አማካይ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ቀነሰ። ብራያን ሶደንና ባልደረቦቹ በ2002 ባቀረቡት ጥናት ሳተላይቶች በዚያ ወቅት የለኩትን የውሃ ተን መረመሩ። አየሩ ሲቀዘቅዝ ተኑ ቀንሷል፤ የቀነሰውም ንድፈ ሐሳቡ በሚለው ልክ ነው። ከዚያም በሞዴላቸው ውስጥ የውሃ ተን ግብረ መልስን ዘግተው ስሌቱን ደገሙት፤ የተገኘው ቅዝቃዜ በእውን ከታየው እጅግ ያነሰ ሆነ። ሲከፍቱት ገጠመ። ግብረ መልሱ ምድርን ለማሞቅ ብቻ ሳይሆን ለማቀዝቀዝም በዚያው ጉልበት እንደሚሠራ የታየበት በመሆኑ፣ በእኛ አስተያየት በዘርፉ ካሉት ፍተሻዎች ሁሉ ውቡ ይህ ነው።

ልጅ ከእናቱ ሲያንስ

አሁን ወደ ሁለተኛው አባባል፣ «ማቆሚያ የለውም» ወደሚለው እንለፍ። የመጀመሪያው 1.2 ዲግሪ በግብረ መልስ አማካይነት የራሱን ግማሽ፣ 0.6 ዲግሪን ጠራ እንበል። ይህም በተራው ግማሹን 0.3ን ይጠራል፤ 0.3ም 0.15ን። ወለድ ወለድን ሲወልድ ይመስላል፤ ሆኖም እዚህ ልጅ ሁልጊዜ ከእናቱ ያንሳል። በሁለተኛ ደረጃ ጂኦሜትሪክ ሲሪየስ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው 1.2 + 0.6 + 0.3 + 0.15 እያለ የሚቀጥለው ድምር ያለ ልክ አያድግም፤ 2.4 ላይ ያርፋል። የግብረ መልሱን ድርሻ በ«ግ» ብንወክለው ጠቅላላው ሙቀት 1.2 ÷ (1 − ግ) ይሆናል። ድምሩ ማቆሚያ የሚያጣው ግ 1 ሲደርስ ብቻ ነው፤ የማይክሮፎኑ ጩኸት የሚነሣውም ያን ጊዜ ነው። በዛሬዋ ምድር ግ ከ1 በታች ለመሆኑ ብዙ ማስረጃ አለ፤ የመጀመሪያው ማስረጃ እኛ ራሳችን መኖራችን ነው።

ይህ ቀመር ግን ከሚያጽናናው ይልቅ የሚያስጨንቀው ይበልጣል፤ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ በካልኩሌተር እንዲሞክረው እንጋብዛለን። ግ 0.6 ሲሆን ሙቀቱ 3 ዲግሪ ነው። ግምታችን በ0.1 ወደ ታች ቢሳሳትና ትክክለኛው 0.5 ቢሆን ውጤቱ 2.4 ነው፤ ልዩነቱ 0.6 ዲግሪ ብቻ። በዚያው 0.1 ወደ ላይ ቢሳሳትና 0.7 ቢሆን ግን ውጤቱ 4 ነው፤ ልዩነቱ አንድ ዲግሪ ሙሉ። 0.8 ቢሆንማ 6 ይደርሳል። የስሕተቱ መጠን እኩል ነው፤ ዋጋው ግን እኩል አይደለም።

የታሪኩን ቁጥሮች በዚህ ዐይን ማየት ይጠቅማል። በ1979 ጁል ቻርኒ የመሩት የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ቡድን ለእጥፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1.5 እስከ 4.5 ዲግሪ ብሎ ገመተ። የመንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2013 ያወጣው ግምት ያው ከ1.5 እስከ 4.5 ነበር። በ2021 ግን ከ2.5 እስከ 4 ጠበበ፤ መካከለኛውም 3 ሆነ። በቀመራችን ሲመነዘር ግ ከ0.5 ጥቂት አልፎ እስከ 0.7 ባለው ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። የታችኛው ጠርዝ በአንድ ዲግሪ ሙሉ ሲነሣ የላይኛው የወረደው በግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው። «ሳይንቲስቶች እርግጠኛ ስላልሆኑ መረጋጋት ይሻላል» የሚለውን ክርክር ስንሰማ የምንገረመው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ቀመር ውስጥ አለማወቅ አደጋውን ወደ ላይ ያረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም።

የበረዶ ፎቶግራፍ

በጋዜጣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲጻፍ አብሮ የሚወጣው ፎቶግራፍ አብዛኛውን ጊዜ የበረዶ ነው፤ የውሃ ተን ፎቶግራፍ አይነሣም። የበረዶው ግብረ መልስ ለመረዳት ቀላል ነው። በነጭ በረዶ የተሸፈነ ባሕር ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶና ከዚያ በላይ ሊመልስ ይችላል፤ ጥቁሩ ውቅያኖስ ከ10 በመቶ በታች ይመልሳል፣ የቀረውን ይውጣል። በረዶ ሲቀልጥ ባሕሩ ይሞቃል፤ ባሕሩ ሲሞቅ በረዶ ይቀልጣል። ሩሲያዊው ሚካኤል ቡዲኮና አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስ፣ አንዱ ከሌላው ሳይመካከር፣ ይህን በ1969 በስሌት አቅርበዋል። የአርክቲክ ባሕር በረዶ በየዓመቱ በሴፕቴምበር ዝቅተኛው መጠን ላይ ይደርሳል። በ1980ዎቹ ያ ዝቅተኛ መጠን 7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ወረደ። አካባቢው ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል፤ ለዚህም የበረዶው መቅለጥ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ በመላው ዓለም ሒሳብ ውስጥ የበረዶው ድርሻ ከውሃ ተን ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው፤ ከግ ውስጥ 0.1 ያህሉን ይይዛል። ጉልበቱ የታየው በበረዶ ዘመናት ነበር። የምድር ምሕዋርና ዘንግ በአሥር ሺህዎች ዓመታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይለዋወጣሉ፤ ይህ የፀሐይን ብርሃን በወቅትና በቦታ ያዛውራል እንጂ የዓመቱን ጠቅላላ ድምር እምብዛም አይነካም። ከ20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ግን ምድር ከኢንዱስትሪው ዘመን ዋዜማ በ6 ዲግሪ ገደማ ትቀዘቅዝ ነበር። የምሕዋሩን ትንሽ ግፊት ወደዚህ ያደረሱት የበረዶው ንጣፍና የካርቦን ዳይኦክሳይድ መቀነስ ናቸው፤ ጋዙ ከአንድ ሚሊዮን ወደ 180 ወርዶ ነበር። ዛሬ በበጋ አቧራ የሚነሣበት የባሌ ተራሮች አናት በዚያ የበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ነበረው፤ ግግሩ እየተንሸራተተ የተዋቸው የድንጋይ ክምሮች እስከ አሁን ይታያሉ።

ሌላም የበረዶ ጉዳይ አለ። በሳይቤሪያ፣ በአላስካና በካናዳ ለሺህ ዓመታት ሳይቀልጥ የኖረ አፈር፣ ፐርማፍሮስት የሚባለው፣ 1,500 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ይዟል፤ በአየር ውስጥ ካለው እጥፍ ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ «የተቀበረ ቦምብ» እየተባለ ይጠቀሳል። አባባሉን አንወደውም። የ2021 የፓነሉ ግምት እስከ 2100 ባለው ጊዜ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት 18 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ገደማ ይለቀቃል ይላል፤ የግምቱ ጠርዞችም 3 እና 41 ናቸው። የሰው ልጅ ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ በዓመት 10 ቢሊዮን ቶን ገደማ እንደሚለቅ ስናስብ፣ ፐርማፍሮስት የሁለት ዓመት ያህል ተጨማሪ ዕዳ በየዲግሪው ይጭንብናል። ቦምብ አይደለም፤ ማንም የማይሰርዘው ዕዳ ነው።

አስቸጋሪው ደመና

የግ ትልቁ ጥርጣሬ ያለው በደመና ላይ ነው። ዝቅ ብሎ የሚንሳፈፍ ወፍራም ደመና ብርሃን መልሶ ያቀዘቅዛል፤ ከፍ ብሎ የሚዘረጋ ስስ ደመና ብርሃኑን አሳልፎ የምድርን ሙቀት ያምቃል። ደመናማ ሌሊት ከጠራ ሌሊት ሞቅ የሚለው፣ ደጋ ላይ ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት የሚሆነው፣ ደመና ሙቀት ስለሚያቆይ ነው፤ ይህን ገበሬው ሁሉ ያውቃል። በጠቅላላው ደመና ዛሬ ምድርን ያቀዘቅዛል። ጥያቄው ግን ደመና ዛሬ ምን ያደርጋል ሳይሆን ምድር ስትሞቅ እንዴት ይለወጣል የሚለው ነው። በፔሩ፣ በናሚቢያና በካሊፎርኒያ ዳርቻዎች በውቅያኖስ ላይ የሚነጠፈው ዝቅተኛ ደመና ባሕሩ ሲሞቅ ይሳሳል፤ ጥላው ሲሳሳ ባሕሩ ይበልጥ ይሞቃል። የ2021ዱ ሪፖርት የደመና ድምር ውጤት አጉሊ እንደሆነ በከፍተኛ እርግጠኝነት ደምድሟል፤ በምን ያህል የሚለው ግን ሰፊ ክፍተት አለው። በ2023 ሙቀቱ በድንገት ሲዘል ምድር የመለሰችው ብርሃን እንደቀነሰ፣ ዝቅተኛ ደመናም እንደሳሳ ሳተላይቶች አሳይተዋል። ከዚህ ውስጥ የግብረ መልሱ ድርሻ ስንት ነው፣ የመርከቦች ጢስ መጥራትስ ምን ያህል አስተዋጽኦ አደረገ የሚለው ገና እየተከራከሩበት ያለ ጉዳይ ነው።

ሣር ዝናብን ሲጠራ

በ1979 ቡድኑን የመሩት ቻርኒ ከዚያ አስቀድሞ በ1975 በአፍሪካ ላይ አንድ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ጊዜው የሳህል ድርቅ የበረታበት፣ በእኛም አገር የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ገና ያልተረሳበት ነው። ቻርኒ እንዲህ አሉ፦ ከብት ሣሩን ሲግጥና መሬቱ ሲራቆት፣ ገርጣ ያለው አፈር ብርሃን አብዝቶ ይመልሳል፤ በላዩ ያለው አየር ኃይል አጥቶ ይወርዳል፤ የሚወርድ አየር ደመና አይፈጥርም፤ ዝናብ ይጠፋል፤ ሣሩ ይበልጥ ይደርቃል።

ሐሳቡ ውብ ነበር፤ ለድርቁም እረኛውን ተጠያቂ ያደረገ ስለመሰለ በሰፊው ተወራ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች፣ በተለይም ከ2003 ወዲህ የታተሙት፣ የድርቁ ዋና መነሻ የአትላንቲክና የሕንድ ውቅያኖሶች ሙቀት መለዋወጥ እንደሆነ አሳዩ። የመሬቱ ግብረ መልስ ግን አልተሰረዘም፤ ባሕሩ የጀመረውን ድርቅ አጉልቶታል። ግብረ መልስን ከመንስዔ መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም፤ አጉሊውን ጀማሪ አድርገው የወሰዱ ሰዎች ጥፋቱን በድሃው አርብቶ አደር ላይ ጫኑት።

ይኸው ዑደት ወደ ልምላሜም ይሠራል። ከ11 ሺህ እስከ 5 ሺህ ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ሰሜናዊው የምድር ክፍል በክረምቱ ወራት ዛሬ ከሚያገኘው የበለጠ የፀሐይ ኃይል ያገኝ ነበር፤ የዝናቡ ነፋስም ወደ ሰሜን ርቆ ዘለቀ። ሰሃራ ሣርና ሐይቆች ነበሩት። የምሕዋሩ ለውጥ ብቻውን በሞዴሎች ውስጥ ያን ያህል ዝናብ አያመጣም፤ ዕፀዋቱ፣ እርጥቡ አፈርና ሐይቆቹ የሚሰጡት ግብረ መልስ ሲጨመር ስሌቱ ወደ እውነታው ይቀርባል። በስምጥ ሸለቆአችን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታና ሻላ በዚያ ዘመን አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበሩ። ውሃው ከዛሬው የሻላ ገጽ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር፤ የጥንቱ ዳርቻ ምልክትም በሐይቆቹ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ላይ አለ። የምሕዋሩ ግፊት ቀስ በቀስ ሲደክም ግብረ መልሱ ወደ ኋላ ዞረ፤ በብዙ ቦታዎችም የዝናቡ መቀነስ ከምሕዋሩ ለውጥ የፈጠነ ነበር።

ገቺዎቹ የት አሉ?

እስካሁን ያየነው ሁሉ፣ ከፕላንክ ምላሽ በስተቀር፣ አጉሊ ነው። ገቺዎች የሉም ማለታችን አይደለም። ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ በላዩን ውቅያኖስና ዕፀዋት እየወሰዱልን ነው። ጋዙ ሲበዛ ዕፀዋት ምግባቸውን በቀላሉ ይሠራሉ፤ ውቅያኖሱም አብዝቶ ያሟሟል። ነገር ግን ይህ አገልግሎት በሙቀቱ ልክ ይዳከማል። ፀሐይ ላይ የቆየ ለስላሳ መጠጥ ሲከፈት ጋዙን ገንፍሎ እንደሚለቅ ሁሉ፣ የሞቀ ባሕርም የያዘውን ጋዝ ማቆየት ይቸግረዋል። ደንም በድርቅና በቃጠሎ ያከማቸውን ይመልሳል።

ሌላው ብርቱ ገቺ ድንጋይ ነው። ዝናብ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሟሙቶ ደካማ አሲድ ይሆንና በድንጋይ ላይ ይወርዳል፤ የድንጋዩን ካልሲየም ያሟሟዋል፤ ወንዞች ድብልቁን ወደ ባሕር ይወስዱታል፤ በባሕር ውስጥም ቅርፊት ባላቸው ፍጥረታት አማካይነት የኖራ ድንጋይ ሆኖ ይቀመጣል። ምድር ስትሞቅ ዝናቡ ይበዛል፣ የኬሚካሉም ሥራ ይፋጠናል፤ ስለዚህ ጋዙ ይቀንሳል። ዎከር፣ ሄይስና ካስቲንግ የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህ የምድር ቴርሞስታት እንደሆነ በ1981 አስረድተዋል። ምድር በረጅም ዕድሜዋ ውስጥ ከባሰ ሙቀትም ከባሰ ቅዝቃዜም የተመለሰችበት መንገድ በአብዛኛው ይህ ይመስላል።

ፍጥነቱ ግን የድንጋይ ፍጥነት ነው። ይህ ሂደት በዓመት ከአየር የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ቢሊዮን ቶን እምብዛም አያልፍም፤ ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል በዓመት የሚለቀቀው ደግሞ 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። የውሃ ተን በቀናት፣ የባሕር በረዶ በዓመታት ሲመልስ፣ ይህ ቴርሞስታት ለመመለስ መቶ ሺህ ዓመታትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለሥራው በጣም ከሚመቹት ድንጋዮች አንዱ ባዛልት ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋ አብዛኛው ክፍል ደግሞ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት የተሸፈነ ነው። በየክረምቱ ዓባይ ደፍርሶ ሲወርድ፣ በደለሉ መካከል ዐይን የማያየው፣ ከዚያ ባዛልትና ከአየር የተወሰደ ሙሙት አብሮ ይወርዳል።